የሴልመር ሰሌዳና የሮንዳ ሰዓት

ኖርዳል፣ አዮዋ
ጁን 3 ቀን 1986

በባሕር ማዶ ለሰፈረው ጦር በሙሉ፣ በተለይም ለልጅ ልጄ ለሮንዳ ብሬከ፤

የሚከተለውን ዜና ቆመሽ እንድታነቢ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በኖርዳል የመኪና ውድድር ሜዳ፣ በሦስተኛው ኩርባ አጠገብ የሚገኘው የወንዶች ሽንት ቤት በር፣ ከብዙ ዓመት ምክክር በኋላ፣ ባለፈው ሐሙስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ ሳይደርቅ የገቡ ሁለት ሰዎች እስከ ዛሬ አረንጓዴ ናቸው። አንደኛው ፓስተራችን ነው። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ለመናገር ትሕትናዬ አይፈቅድልኝም።

እንግዲህ ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ስለሚነግረኝ ከሬዲዮኑ ይሻለኛል። ጌታ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ከጦር ሠራዊቱ ሾርባም ይጠብቅሽ።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የቅዳሜ ውድድር ተጀምሯል። ወንድምሽ ዴሪል በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለተኛ፣ በቀጣዩ ሦስተኛ ወጣ። መኪና ያለችን አንዲት ናት፤ ሹፌሮች ግን ሁለት ናችሁ። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት በኩሽናው ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስታችን የተስማማነውን ልድገመው፤ ኋላ "ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም" እንዳይመጣ። ዴሪል የውድድሩ ወቅት እስኪያልቅ ድረስ የማታውን ትልቅ ውድድር አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ካሸነፈ መኪናዋ የሱ ናት። ካላሸነፈ በኦክቶበር ስትመለሺ ላንቺ አስረክባለሁ። በዚህ ተጨባብጠናል። አንቺማ እንዲያው አጥብቀሽ ስለጨበጥሽኝ ጣቴ እስከ ፋሲካ አብጦ ነበር።

ታዲያ ልጁ ጥሩ ስለነዳ፣ እኔም የሜዳው ተራ አውጪ ስለሆንኩ፣ ያለፉትን ቅዳሜዎች ነጥቡን ደምሬ ወደ ኋላ ረድፍ ወረወርኩት። ብዙ ነጥብ ያለው ከኋላ ይነሳል፣ ጥቂት ያለው ከፊት። በጥቁር ሰሌዳዬ ላይ በጠመኔ ስጽፍ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ዴሪል ሰሌዳው ሥር ቆሞ፣

"አያቴ፣ የገዛ የልጅ ልጅዎን?" አለኝ።

"ከፊትህ ያሉትን እለፋቸዋ! ሕዝቡ ከነብርድ ልብሱ የሚመጣው አንተ ስታልፍ ለማየት አይደል?" አልኩት።

ሜዳውን የሚያስተዳድረው ሎይድ ፓክስተን ግን አዲስ ሐሳብ ይዞ ይዞራል። እያንዳንዱ መኪና ከውድድሩ በፊት ብቻውን ሁለት ዙር ይሩጥና በሰዓት ይፈተን፣ ፈጣኑ ከፊት ይሰለፍ ይላል። "ፈጣኑ ከፊት ከተሰለፈ ማንን ሊያልፍ ነው?" ብዬ ብጠይቀው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ትከሻ የሚመታ ሰው ደስ አይለኝም።

አንድ ልመና አለኝ፤ ያ ውስጡ ለውዝ ያለው የጀርመን ቸኮላት። ዴሪል ሰላም ብሎሻል፤ ቸኮላቱን ለሁለት እንካፈላለን ይላል። እሱ ይላል እንጂ እኔ አላልኩም።

አያትሽ ሴልመር


ጀርመን፣ ከጦር ሰፈሩ
ጁን 21 ቀን 1986

ይድረስ ለውድ አያቴ ለአቶ ሴልመር ብሬከ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከጭነት መኪና ሆድ ሥር ተጋድሜ እውላለሁ፤ ፊት ላይ ሲንጠባጠብ ዘይቱ ከአዮዋው አይለይም። ጌታ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ አረንጓዴው ቀለምም ከእጅዎ ይልቀቅ።

ስለ ሰሌዳዎ ግን ሚስተር ፓክስተን ልክ ናቸው። አያቴ፣ አይቆጡኝ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ አራት በጋ የኖርኩት እኔ ነኝ። ባንዲራው ሲወርድ ከፊቴ የሚታየኝ የሃያ መኪና ጭቃ ነበር። ሕዝቡ "ሮንዳ! ሮንዳ!" ይላል፤ እነሱ ይደሰታሉ፣ ጭቃውን የምበላው እኔ ነኝ። በዚያ በመጨረሻው ዓመት ኩርባው ላይ ተጋጭተው የቆሙትን ዘገምተኞች ባላገኛቸው ኖሮ የአንገቴ አጥንት አይሰበርም ነበር። ከፊት ብነሳ ኖሮ የተጋጩት ከኋላዬ ይሆን ነበር። ሐኪም ቤት መጥተው ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? "ጥፋቱ የፍጥነትሽ ነው" አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ አመመኝ።

ሰዓት የማንም አያት አይደለም። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ባለፈው ቅዳሜ ስንተኛ እንደወጣሁ አያውቅም። ዛሬ የነዳሁትን ብቻ ነው የሚናገረው።

ቸኮላቱ ከሱቅ አልቋል አሉኝ። በሱ ፈንታ የሩጫ መለኪያ ሰዓት ልኬልዎታለሁ፤ በእጅ የሚያዝ ነው። ይለማመዱበት።

ዴሪል በየሳምንቱ ከስንተኛ ተነስቶ ስንተኛ እንደገባ ይጻፉልኝ። ማቀዝቀዣው ላይ ያለችውን ዋንጫዬን፣ በ1984 የመጨረሻ ማታ ያሸነፍኳትን፣ አቧራዋን ይጥረጉልኝ። ለዴሪል ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪዎ ሮንዳ


ኖርዳል
ጁላይ 9 ቀን 1986

ለተከበርሽው ሰዓት ላኪ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለአለቆችሽም፣ ሰላም የሚወዱ ከሆነ። ሰዓትሽ በደህና ደርሶኛል። እንዴት ያለ ዕቃ ነው! እንቁላል እቀቅልበታለሁ። ድሮ በግምት ስቀቅል ጥሩ ይሆንልኝ ነበር፤ አሁን በትክክል እየቀቀልኩ ጥሬ እበላለሁ።

ዴሪል ወርዶብናል። ሰባተኛ ገባ፣ ከዚያ ዘጠነኛ፣ ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አሥራ አንደኛ። የትራክተር ነጋዴው ልጅ ብሬንት ኮስተር ነው የሚያሸንፈው፤ አባቱ አዲስ ሞተር ገዝቶለታል። በደንቡ መሠረት ከመጨረሻው ረድፍ አስነሳዋለሁ፤ እሱም ሁሉንም እያለፈ ይመጣና በመጨረሻው ዙር ላይ ይቀማቸዋል። ሞተሩ ሲጮህ የጎረቤት ላሞች ወተት ይይዛሉ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲያልፍ ሕዝቡ ተነስቶ ይቆማል። እኔም በዚህ ጉልበቴ ተነስቼ ቆሜያለሁ።

በሳንድዊች መሸጫው በር ብሬንት ዴሪልን አገኘውና፣

"ስማ ዴሪል፣ መኪናህን ትራክተር ነው የሚጎትታት ወይስ ራሷ ትራክተር ናት?" አለው።

"አባትህን ጠይቀው፤ ትራክተር የሚሸጥ እሱ ነው" አለ ዴሪል፣ አሳማ ሥጋውን እያኘከ።

ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ ዞር ብሎ ሰናፍጭ ጨምሩልኝ አለ።

በሰሌዳው ላይ ዴሪልን በየሳምንቱ አንድ ረድፍ አንድ ረድፍ ወደ ፊት እያመጣሁት ነው። ነጥቡ ሲያንስ ምን ላድርግ፣ ደንብ ነው።

ስለ አንገትሽ አጥንት የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።

በአረንጓዴው በር ላይ አንድ ጨዋ ያላሳደገው ሰው በምስማር ልብ ሥሎበታል። ልቡ ውስጥ የጻፈው ስም የፓክስተን ሚስት ስም ስለሆነ ምርመራው ቀጥሏል። ዴሪል ሰላም ብሎሻል፤ እንቁላሉን ግን አልበላም ብሏል።

አያትሽ ሴልመር


ጀርመን
ጁላይ 22 ቀን 1986

ይድረስ ለውድ አያቴ፤

እንደምን አሉልኝ? በሩ ላይ ልብ የሣሉት እርስዎ እንዳይሆኑ እፈራለሁ። ጌታ ጣትዎንም ይጠብቅልዎ።

የዴሪልን ነገር ስሰማ አዘንኩ። ታሞ ይሆን? ሞተሯ ትክክል ትሰማለች? ቦታውን የሚለቀው ኩርባ ላይ ነው ወይስ ቀጥታው ላይ? ይህን አይተው ይጻፉልኝ። መኪናዋን ስለማውቃት ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

አብረውኝ ላሉት ልጆች በሚመጣው ጸደይ ስለምነዳት መኪና አውርቼላቸው አሰልችቻቸዋለሁ። አንዷ፣ "ሌሊት በእንቅልፍሽ እንኳ ማርሽ ትቀይሪያለሽ" አለችኝ። እዚህ የማስበው ሌላ ነገር የለኝም፣ አያቴ። ከዚህ ስወጣ የሚጠብቀኝ ሥራም ሰውም የለም፤ እሷ ብቻ ናት።

አንድ ልመና። ክረምት ሳይገባ ወንበሯን ወደ ፊት ያስጠጉልኝ፤ የዴሪል እግር ረጅም ነው፣ ነዳጅ መስጫው ላይ አልደርስም። አሁኑኑ ማለቴ አይደለም። ለዴሪል ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ይበርታ ይበሉት።

ሮንዳ


ኖርዳል
ኦገስት 4 ቀን 1986

ለጨዋዋ የልጅ ልጄ፤

ሰላምና ጤና ከበቆሏችን ጋር ወዳንቺ ይድረስ። በቆሎው ዘንድሮ ከእኔ ቁመት አልፏል፤ እኔ በየዓመቱ ስለማጥር እሱን ብዙ አላመሰግነውም። ዝናቡ ጥሩ ነው። የመርማሪው ኮሚቴ ልቡን የሣለው ራሱ ፓክስተን መሆኑን ደርሶበታል። ሰውየው ለካ ሚስቱን ይወዳል! ከተማው አፍሯል።

ስለ ኩርባውና ስለ ቀጥታው ጠይቀሽኛል። ዓይኔ ደካማ ነው፤ ጭቃውም መነጽሬን ይሸፍነዋል።

ዴሪል አሥራ ሁለተኛ፣ ከዚያ እንደገና አሥራ ሁለተኛ ገባ። ግን ቆጣቢ ልጅ ነው፣ ይህን አትካጂው። አንቺ የኋላ ቀኝ ጎማዋን በየሁለት ሳምንቱ ልጠሽ ትጥይ ነበር፤ እሱ በጁን ያሰረው ጎማ እስካሁን ጥርሱ አላለቀም። እቤትም እያፏጨ ነው የሚገባው። በመጨረሻው ማታ፣ በኦገስት 30፣ ከፊት ሳይነሳ አይቀርም።

ወንበሯን አልነካሁም። ሁለት እግሮች እየተጠበቁ አንዱን መምረጥ አልችልም። ዴሪል ሰላም ብሎሻል፤ በርቻለሁ ይበሏት ብሏል።

አያትሽ


ጀርመን
ኦገስት 17 ቀን 1986

አያቴ፤

ጎማውን ባይጽፉልኝ ይሻል ነበር።

በኛ ሜዳ የተነዳ የኋላ ቀኝ ጎማ ሁለት ወር አይቆይም፤ ያልተነዳ ነው የሚቆይ። ዴሪል ቀጥታው ላይ፣ የሌላው ሞተር ጩኸት የሱን በሚሸፍንበት ቦታ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ እያነሳ ነው። ሆን ብሎ ይሸነፋል፣ ነጥቡ ያንሳል፣ እርስዎም እየደመሩ ወደ ፊት ያመጡታል። በመጨረሻው ማታ አንደኛው ረድፍ ላይ ይቆማል፤ ብሬንት ከኋላ ጭቃ እየበላ እስኪደርስበት ውድድሩ ያልቃል። ከዚያ መኪናዋ የሱ። በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ የጨበጡኝ ሰው እኮ ሰሌዳውን የሚጽፈው ሰው ነው።

ያውቁ ነበር? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ሮንዳ


ኖርዳል
ሴፕቴምበር 4 ቀን 1986

ለልጅ ልጄ ለሮንዳ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጌታ በደህና ያግባሽ።

የኦገስት 17ቱ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው፤ ቅዳሜው ካለፈ በኋላ። ስልክሽ ግን ከደብዳቤሽ ፈጥኗል። ስለዚህ ፈጣኑን ከፊት አሰልፌ፣ ከስልክሽ ልጀምር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰሌዳውን ጽፌ ሰቀልኩ። የወንድምሽ ስም አንደኛው ረድፍ ላይ፣ በውስጥ በኩል ነበር። ዴሪል አዲስ ጎማ አስሮ፣ ጸጉሩን ሁሉ አበጥሮ መጣ። የራስ ቁር ሊያጠልቅበት ጸጉር ያበጥራል፣ አየሽ። ከዚያ ሹፌሮቹ ለስብሰባ ተጠሩና ፓክስተን ውሃ በሚያርከፈክፈው መኪና ደረጃ ላይ ወጣ።

"ዛሬ ሰሌዳ የለም" አለ። "ሁላችሁም በሰዓት ትፈተናላችሁ።"

"ምነው በመጨረሻው ማታ!" ብሎ አንዱ ጮኸ።

"አንዳንዶቻችሁ ሆን ብላችሁ ወደ ኋላ እየቀራችሁ ስለሆነ ነዋ! እኔ አይደለሁም ያልኩት። ሮንዳ ብሬከ ከጀርመን ድረስ ደውላልኛለች፤ ወንድሜ ሲቀር ከረመ ብላኛለች።"

ሮንዳ፣ ሞተር የሚያሞቅ ሁሉ አጠፋ። ብሬንት ኮስተር እንኳ፣ ያ ባለጌ፣ "የገዛ እህቱ?" አለና አፉን በጓንቱ ያዘ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ፓክስተን ወርዶ ሰሌዳዬን በእጅጌው ጠረገው። ዴሪል ወደኔ ዞሮ፣

"እንደምትደውል ያውቁ ነበር?" አለኝ።

"አሁን ካንተ ጋር ነው የሰማሁት" አልኩት። ከዚያ በኋላ አላየኝም።

ለፈተናው ብቻውን ሲወጣ፣ በጋውን ሙሉ ደብቆ የያዘውን ሁሉ በሁለት ዙር ሊያሳይ ፈለገ። ግን እግሩ ማንሳት ለምዶ ከርሞ ነበር። ሁለተኛው ኩርባ ላይ መቼ እንደሚለቅ ጠፋውና ወደ ላይ ወደ ግድግዳው ተንሸራተተ። አሥራ አምስተኛ ሆነ። ያንቺን ሰዓት ይዤ ነበር፤ ልክ ነው፣ ሰዓቱ አልዋሸም።

ውድድሩን ልንገርሽ? ብሬንት አንደኛ ተነስቶ አንደኛ ገባ። ሁለተኛው ሁለተኛ፣ ሦስተኛው ሦስተኛ። እንደ ቀብር ሰልፍ ተከታትለው ዞሩ። ሕዝቡ ውድድሩ መሃል ላይ ብርድ ልብሱን እያጠፈ ለፖም ኬክ ተሰለፈ። ማንም አልተነሳም፤ ማንም አልጮኸም። ዴሪል አሥራ ሦስተኛ ገባ፤ ሁለት ሰው ያለፈውም ሁለቱ ስለተበላሹ ነው።

መኪናዋ ያንቺ ናት። ቃሌ ቃል ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያውቁ ነበር ወይ ብለሽኛል። በኦገስት 1984 "ካርቡሬተሩ አስቸገረኝ" ብለሽ ሦስት ቅዳሜ ተንፏቀቅሽ። እሑድ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሳለሽ ካርቡሬተሩን ፈትቼ አየሁት፤ እንደ ሙሽራ ዕቃ ንጹሕ ነበር። መልሼ ገጠምኩት። በመጨረሻው ቅዳሜ ስምሽን ከፊት ጻፍኩ፤ ደንብ ነው፣ ነጥብሽ አንሶ ነበር። ማቀዝቀዣው ላይ ያለችውን ዋንጫ እንዳልሽው አቧራዋን ጠርጌያታለሁ።

በጋው ሲያልቅ እግሩን የማያነሳ ሰው በዚህ ሜዳ አይቼ አላውቅም። አይቼም ለፓክስተን ተናግሬ አላውቅም። ተራ አውጪ የሚያየውን ሁሉ ቢናገር ኖሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሮጥ አይገኝም ነበር።

ከእንግዲህ ግን ተራ አውጪ የለም። ሽንት ቤቱ ጎን ማማ ተሠርቷል፤ ሰዓት ያዡ በአረንጓዴው በር በኩል አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ሰሌዳዬን ለሳንድዊች መሸጫው ሰጥተውታል። "አሳማ ሥጋ በዳቦ፣ ሰናፍጭ በነጻ" ይላል። ጽሕፈቱ ከእኔ ያምራል።

በጸደይ ወደ ሜዳው ስትመጪ ያቺኑ አሮጌ ሞተር ይዘሽ በሰዓት ትፈተኛለሽ። ጎበዝ ነሽ፤ ከዴሪልም ትበልጫለሽ፣ ይህን ለሱም ነግሬዋለሁ። ሰዓቱ ግን ያንቺን እግርና የኮስተርን አባት ገንዘብ ለይቶ አያውቅም። አንድ ላይ ነው የሚለካው። እኔ ወደ መጨረሻው ረድፍ የላክሁሽ ከሁሉ ስለምትበልጪ ነበር፤ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። አሁንም እዚያው መጨረሻው ረድፍ ላይ ትቆሚያለሽ፤ ዘገምተኛ ስለሆንሽ። ስምሽንም የሚጠራ አይኖርም።

ወንበሯን ወደ ፊት አስጠግቻለሁ። ሰዓትሽን መሪዋ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ እንቁላሌን በግምት መቀቀል ጀምሬያለሁ። ዴሪል ሰላም ብሎሻል። መኪናዋን ከነጭቃዋ አላስረክባትም ብሎ፣ ከጎማዋ እስከ ጣራዋ አጥቦልሻል፤ እንኳን ደህና መጣሽ ይበሏት ብሏል።

አያትሽ ሴልመር

ፖስታውን ሳላሽግ፦ እንደምታውቂኝ ጨምሬ እጽፋለሁ። በዚህኛው ግን የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የፓክስተን ልብ እውነት ነው፤ በሩም፣ ጸጉሩን ማበጠሩም፣ የአሥራ አምስተኛው ነገርም እውነት ነው። እስከ ኦገስት የላክሁልሽ ሰላምታም ሁሉ የሱ ነበር። የዛሬው የኔ ነው። ዴሪል እሑድ ጠዋት ልብሱን ይዞ ሲወጣ ስላንቺ አንዲት ቃል አልተናገረም። መኪናዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ።